በ12 ሚሊ ሜትር የተለያዩ ባልና ሚስት

ጉዳይ ልናስፈጽም የሄድንበት መሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ አጭር ነበር፦ «የባልና የሚስት መታወቂያ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ኮፒ ተደርጎ ይቅረብ።» እኔና ባለቤቴ ጎን ለጎን ከሆንን 19 ዓመታችን ነው። በታክሲው፣ በለቅሶው፣ በሠርጉ አብረን ነን። «ይህቺማ ምን ትከብዳለች!» አልኩ።

ሰፈራችን ኮፒ ቤት አለ። ልጅቷ ሁለቱን ካርዶች መስታወቱ ላይ አጋድማ፣ ክዳኑን ጣል አድርጋ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ታስረክባለች። እኔ ግን ባለፈው ዓመት «ከእንግዲህ ለኮፒ ቤት አንከፍልም» ብዬ ያገለገለ ስካነርና ፕሪንተር ገዝቻለሁ። እስካሁን ገንዘቡን አልመለሰም። ይኸው ቀኑ ደረሰለት።

የባለቤቴ መታወቂያ ከሷ ጋር ሥራ ቦታ ነበር። ብደውልላት ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ስካን አድርጋ፣ ዙሪያውን ቆርጣ፣ እንዳይደበዝዝ ብላ በቴሌግራም በፋይል ላከችልኝ። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገር አታበላሽም። እኔም የኔን ስካን አደረግሁና ሁለቱንም ዎርድ ላይ አስገባኋቸው። እኔ አንደኛው ገጽ ላይ ሰፊ ነጭ ሜዳ ይዤ ጥግ ላይ ጉብ አልኩ፤ እሷ ሁለተኛው ገጽ ላይ ብቻዋን ቀረች። ለካስ እኔ ስካን ያደረግሁት ካርዱን ሳይሆን መስታወቱን በሙሉ ኖሯል።

ትርፉን ነጭ ቆረጥኩና ወደ ፔይንት ዞርኩ። አሁን ደግሞ ጎን ለጎን መሆናችንስ ሆንን፤ ግን እሷ እጥፌን አከለች። የድሮ ሥዕል ታውቃላችሁ አይደል? ንግሥቲቱ ገዝፋ፣ ጃንጥላ ያዡ ከጉልበቷ የማያልፍበት? ጃንጥላ ያዡ እኔ ነኝ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ስካነር ካርዱን ወደ ነጥብ ይመነዝረዋል። ወርዱ 85.6 ሚሊ ሜትር የሆነ መታወቂያ፣ የኤቲኤም ካርድ ልክ ማለት ነው፣ በኢንች 300 ነጥብ ሲነሣ 1,011 ነጥብ ይወጣዋል፤ በ600 ሲነሣ 2,022። የኔ በ300፣ የሷ በ600 ተነሥቷል። ፔይንት ደግሞ ሚሊ ሜትር አያውቅም፤ ነጥብ ይቆጥራል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እኛ ግን ከአንድ ስካነር አልተቀዳንም።

ላሳንሳት ብዬ ምስሉን በጎኑ ይዤ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ፊቷ ጧፍ አከለ። ወርዱንና ቁመቱን አብሬ ማሳነስ እንዳለብኝ የገባኝ ይህንኑ ካተምኩት በኋላ ነው። ያንን ወረቀት ከቆሻሻው ቅርጫት ሥር፣ ከሌላ ወረቀት በታች ቀበርኩት።

እንደገና ዎርድ። የተቆረጡትን ሁለት ምስሎች በትክክለኛ ልካቸው አስገባሁ። ከጎኔ ሳስቀምጣት ወርዳ ከሥሬ ትገባለች። እጎትታታለሁ፤ ትወርዳለች። አንዴ ደግሞ እሷን አስቀድሜ እኔ ወረድኩ። ሰባተኛውን ወረቀት ሳወጣ ባለቤቴ ከሥራ ገባች። ወረቀቱን አነሣች።

«የኔ ቦታ ከእግርህ ሥር ነው?»

«ኮምፒውተሩ ነው እኮ!»

«ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው» አለችና ወንበሩን አስለቀቀችኝ። ከዚያም ተማሪ ፊት እንደቆመች ጀመረች። «የኤ4 ወረቀት ወርድ ስንት ነው? 210 ሚሊ ሜትር። ዎርድ ከግራም ከቀኝም 25.4 ያስቀራል። ለአንተ የሚተርፍህ 159.2 ነው። ሁለት መታወቂያ ጎን ለጎን ስንት ነው? 171.2። ስንት ጎደለህ?»

«አሥራ ሁለት» አልኩ ተነሥቼ። እንድቆም ማንም አላዘዘኝም።

ለካስ ግማሽ ቀን ሙሉ ከሚስቴ የለየኝ የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ናት። ባለቤቴ ኅዳጉን በግማሽ አጠበበችው፤ ወረቀቱ 184.6 ለቀቀ። ቀጥላ ባለ አንድ መስመር፣ ባለ ሁለት ክፍል ሠንጠረዥ ሠራች። «ፈተና ሳወጣ ሥዕሎቹን እንዲህ ነው የማስቀምጣቸው» አለች፣ «ለየራሳቸው ክፍል ከሰጠሃቸው አይጋፉም።» እኔን በግራው ክፍል፣ ራሷን በቀኙ አስገባች። በመጨረሻ የሠንጠረዡን መስመሮች አጠፋቻቸው። ክፍሎቹ አሉ፤ ግድግዳው ግን አይታይም። ትዳር የያዘ ሰው ይህን አሠራር ሳያውቀው አይቀርም።

ታተመ። እኩል ቁመት፣ እኩል ወርድ፣ መሐላችን ትንሽ መተንፈሻ። ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ልሰቅለው ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን፤ ወረቀቱን እንደ ሽልማት በሁለት እጄ ይዤ ቀረብኩ። ጸሐፊዋ አየት አደረገችውና መሳቢያዋን ስባ መቀስ አወጣች። ከላይ እስከ ታች መሐል ለመሐል ሰነጠቀችው።

«ምን መሆንሽ ነው?»

«የባል በባል ፋይል፣ የሚስት በሚስት ፋይል ነው የሚገባው ጋሼ።»

«ታዲያ ጎን ለጎን ያላችሁን ለምንድን ነው?»

«ወረቀት ለመቆጠብ ነዋ!»

ባለቤቴን ዞር ብዬ አየኋት። እሷ የምታየው መቀሱን ነበር። ያጠፋችው መስመር ላይ አንድም ሚሊ ሜትር ሳይስት ሄዷል።