ሰርቨሩስ ደህና አደረ፤ ያላደርነው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ የድርጅት ባለቤቶች፣ የሒሳብ ሹሞች፣ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ጡረታ የወጣችሁ የዘመኔ ሰዎች፣ ሰሞኑን ያገኘኝ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «ጋሼ፣ ሰርቨርና ዳታቤዝ የሚከታተል ሶፍትዌር ልንገዛ ነው፤ የቱ ይሻለናል?» ወይ ጊዜ! ድሮ ሽማግሌ የሚማከረው ስለ ትዳርና ስለ ርስት ነበር። እኔ ግን ስለ ዛቢክስና ስለ ዳታዶግ እየመከርኩ አረጀሁ።

ድሮኮ ጥያቄው ራሱ አልነበረም። ሰርቨሩ አንድ፣ ክፍሉ አንድ፣ ቁልፉም እኔ ኪስ። ጠዋት ገብቼ እጄን ጀርባው ላይ አሳርፌ ሙቀቱን አያለሁ፤ ጆሮዬን አስጠግቼ የማራገቢያውን ድምፅ እሰማለሁ፤ ካልጮኸ ደህና ነው፣ ዝም አይነቅዝም። ዲስክ ሲሞላ ከሒሳብ ክፍል አንዲት ልጅ ሦስት ፎቅ ወጥታ፣ በሩን በቀስታ አንኳኩታ «ጋሼ፣ ሲስተም የለም» ትለኛለች። ትሕትናውን አያችሁ? ላይሰንስ የላት፣ ወርሃዊ ክፍያ የላት፣ ሌሊት አትጮኽ። ሰኞ የወደቀው ሲስተም ረቡዕ ከሰዓት ይነሣል፤ እስከዚያ ሠራተኛው ሻይ እየጠጣ ይጫወታል። በዚያ መሐል ስንት ትዳር ተመሠረተ! ደንበኛውም «ነገ ተመለሱ» ሲባል አመስግኖ ይሄዳል። የዛሬው ደንበኛ ሦስት ደቂቃ ከጠፋንበት ስማችንን ፌስቡክ ላይ ነው የሚያወጣው።

መሣሪያ አልነበረንም ማለቴ አይደለም። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ የጻፋት ፒንግ ነበረችን። «አለህ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ማሽኑ «አለሁ» ይላል፤ አለቀ ደቀቀ። በ1995 የቶቢ ኦቲከር ኤምአርቲጂ መጣና በየአምስት ደቂቃው የኔትወርኩን ፍሰት እየለካ ግራፍ ይሠራልን ጀመር። አምስት ደቂቃ! ሰው በመሐሉ ይተነፍሳል። በ1999 ደግሞ ኢታን ጋልስታድ ኔትሴንት ብሎ ያወጣው፣ ኋላ ናጊዮስ የተባለው ደረሰልን። ናጊዮስ አራት መልስ ብቻ ያውቃል፤ 0 ደህና፣ 1 ማስጠንቀቂያ፣ 2 አደጋ፣ 3 አላወቅሁም። እያንዳንዱን ሰርቨር፣ እያንዳንዱን አገልግሎት በእጃችን ነበር ፋይል ላይ የምንጽፈው። አንዲት ቅንፍ ከተረሳች ሶፍትዌሩ ጨርሶ አይነሣም፤ ቅንፏን ስንፈልግ ሌሊቱ ይነጋል። እንዲህ ያለ ቀላል፣ ሰው የማያስቸግር ነገር ነበር።

አሁንስ? አሁን ምርጫው በዛና መምረጥ ራሱ ሥራ ሆነ። ዛቢክስን እንውሰድ። አሌክሴይ ቭላዲሼቭ የተባለ የላትቪያ ሰው ጀምሮት በ2001 ለሕዝብ የወጣ ነው፤ ነፃ ነው፤ ድርጅቱ የሚኖረው ከድጋፍና ከሥልጠና በሚያገኘው ነው። ኤጀንት የሚባለውን ፕሮግራሙን ሰርቨሩ ላይ ትጭናላችሁ፣ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ያገኘውን ሁሉ ይለካል። የለካውን የት ያስቀምጣል አትሉም? ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ! ዳታቤዝ እንዲጠብቅልን ያመጣነው ለራሱ ዳታቤዝ ይፈልጋል፤ ታሪኩን ለስንት ቀን እንደሚያቆይ ካልወሰናችሁለት ደግሞ ዲስክ ሞልቷል ብሎ የሚጮኸው በራሱ ጓዝ ነው።

ፕሮሚቲየስ የተወለደው ደግሞ ሳውንድክላውድ በሚባል የሙዚቃ ድርጅት ውስጥ፣ በ2012 ነው። ዘፈን የሚያሰሙ ሰዎች ሰርቨር ሊጠብቁልኝ! እየዞረ ከየሰርቨሩ ቁጥር የሚለቅመው እሱ ራሱ ነው፤ በደቂቃ ውስጥ የሚወለዱና የሚሞቱ ኮንቴይነሮች ላላቸው ድርጅቶች የሚስማማውም ለዚህ ነው ይላሉ የዛሬ ልጆች። ግን ካልነገሩት በስተቀር የሚያስቀምጠው የ15 ቀን ወሬ ብቻ ነው። በሰኔ መጨረሻ የበጀት ዓመት ሲዘጋ ሰርቨሩ ለምን እንደሚያቃስት ካለፈው ሰኔ ጋር ላስተያይ ብል በምን ላስተያይ? ደህና ግራፍ ከፈለጋችሁ በ2014 የወጣውን ግራፋና ትጨምራላችሁ፤ ማንቂያውን ለሰው የሚያደርሰው አለርትማኔጀርም ለብቻው ነው። አንዱን ልትጭኑ ሄዳችሁ ሦስት ጭናችሁ ትመለሳላችሁ። የዛሬ ልጆች ደግሞ ቀኑን ሙሉ በዚያ ግራፍ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። ሥራ መስሏቸዋል! እኔ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ አንድ ስክሪን ብቻ ነው የሰቀልኩት፤ የሠርግ ፎቷችን ከነበረበት ቦታ፤ ያውም ቡና ስጠጣ ብቻ ነው የማየው።

ወደሚከፈልባቸው ስንመጣ የየቤቱ አቆጣጠር ሌላ ነው። የጀርመኑ ፒአርቲጂ ሴንሰር ይቆጥራል፤ የአንድ ሰርቨር ዲስክ አንድ ሴንሰር፣ ሲፒዩው ሌላ ሴንሰር፣ የኔትወርክ ካርዱ ሌላ። እስከ 100 ሴንሰር በነፃ ነው፤ አንድ ማሽን አምስትም አሥርም ሲወስድ 100 የት ይደርሳል? ዳታዶግ ሰርቨር ይቆጥራል፤ ለአንዱ በወር 15 ዶላር ገደማ፣ ዳታቤዙን ጠለቅ ብለህ እይልኝ ካላችሁት ደግሞ ለአንድ የዳታቤዝ ሰርቨር 70 ዶላር ገደማ፣ ራሳችሁ የፈጠራችኋቸው መለኪያዎች ሲበዙ ሌላ ክፍያ። ኒው ሬሊክ በ2020 አቆጣጠሩን ለውጦ የላካችሁትን ጊጋባይትና የምታስገቡትን ሰው ይቆጥራል፤ በወር 100 ጊጋባይት በነፃ። የቀሩት ደግሞ ዋጋ የሚባል ነገር አይጽፉም፤ «ሻጫችንን ያነጋግሩ» ብለው ስልካችሁን ይቀበላሉ፤ ከዚያ በኋላ ከዘመድ ይልቅ የሚደውልላችሁ ሻጩ ነው።

ሁሉም በዶላር ነው እንግዲህ። በእኛው አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብራችን በገበያ መተመን ሲጀምር፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። ሰርቨሩ ያው፣ ሥራው ያው፣ ኤጀንቱ ያው፤ ደረሰኙ ግን በብር ሲመነዘር አበጠ። ያም ሆኖ ብሩ ቢገኝ እንኳ የውጭ ምንዛሪ ወረፋው አለ። ክፍያው ዘግይቶ መከታተያው ሲዘጋ የሚያስጠነቅቅ መከታተያ እስካሁን አላየሁም።

ከሁሉ ከሁሉ ግን አለቆች «ሰርቨሩን ከተከታተልን ዳታቤዙም አብሮ ታየ» የሚሉት ነገር ያበግነኛል። አንድ ቀን ደመወዝ ሊከፈል ነው፤ የሒሳብ ክፍሉ ሲስተም ደርቆ ቀረ። ዳሽቦርዱን አየን፤ ሲፒዩ ሃያ ከመቶ፣ ሜሞሪ ደህና፣ ዲስክ ደህና፣ ሁሉም አረንጓዴ። ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። የአይቲው ልጅ የዳታቤዙን መከታተያ ከፈተ። ከላይ አንድ ሴሽን፣ ከሥሩ ወረፋ የያዘ መዓት። «ጋሼ፣ ይመልከቱ፤ ሁሉንም ቆልፎ የያዘው ይኼ ነው። ትራንዛክሽን ከፍቶ ሳይዘጋ ሃምሳ ደቂቃ አልፎታል» አለኝ። ሄደን አየን፤ የደመወዝ መዝገቡን ከፍታ አንድ መስመር እያረመች ምሳ የወጣች ልጅ ናት። ነጠላዋ ወንበሩ ላይ፣ ከርሰሩ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ልጁ ያንን አንድ ሴሽን ዘጋውና ወረፋው እልም አለ። እኔ ምኑም አልገረመኝም። በእኛ ጊዜ ሰርቨሩን አጥፍተን እናበራ ነበር፤ ማን እንደቆለፈው ስለማናውቅ ማንም አያፍርም። በማግስቱ ቢመለስ በማግስቱም እናጠፋዋለን። መከባበር ማለት ያ ነበር።

ለማንኛውም፣ ዳታቤዝ የሚጠየቀው «ምን ያህል ሠራህ» ተብሎ ሳይሆን «ማን ምን እየጠበቀ ነው» ተብሎ ነው። ድሮ ኢግናይት ይባል የነበረው፣ አሁን ሶላርዊንድስ ዲፒኤ የሚለው ሥራው ይኼው ነው፤ ኩዌሪው ጊዜውን የፈጀው በዲስክ ነው፣ በቁልፍ ነው፣ በሲፒዩ ነው እያለ ይዘረዝራል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላላችሁ የእንግሊዞቹ ሬድጌት አለ፤ ለማይኤስኪውኤል፣ ለፖስትግሬስና ለሞንጎዲቢ የፐርኮና ፒኤምኤም አለ፣ ነፃ ነው። ኦራክልማ ጉድ ነው! ኤደብሊውአር የሚባለውን መዝገብ ዳታቤዙ ራሱ ይይዛል፤ የተያዘውን ለማንበብ ግን ለብቻው ላይሰንስ ያስፈልጋል። በአንጻሩ ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2016 ዕትሙ ጀምሮ ኩዌሪ ስቶር የሚባለውን የኩዌሪ መዝገብ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ሰጥቷል፤ ስንት ድርጅት ሳያበራው ሌላ ሊገዛ ይሮጣል! የማይኤስኪውኤል የዝግተኛ ኩዌሪ መዝገብ ደግሞ አብርታችሁ ካልነካካችሁት ዘገየ የሚለው ከ10 ሰከንድ ያለፈውን ብቻ ነው። ያንን ቁጥር የወሰነው ሰው የእኔ ዘመን ሰው መሆን አለበት፤ እግዜር ይስጠው።

ማንቂያውንስ ምን ልበላችሁ! ኢሜይል፣ ኤስኤምኤስ፣ ቴሌግራም፤ ዲስክ 80 ከመቶ፣ ዲስክ 81 ከመቶ፣ ዲስክ ተመልሶ 80 ከመቶ። ማንቂያው በዩቲሲ 00:15 ይላል፤ የሰርቨሩ ሰዓት 03:15 ነው፤ ለእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ከሩብ። በእንቅልፍ ዓይን ሦስት ሰዓት እያስማማችሁ ቆይታችሁ ስትገቡ ችግሩ በራሱ ተቃንቷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሁን ደግሞ ትንቢት ጀምረዋል፤ ፕሮሚቲየስም ዛቢክስም «በዚህ አያያዙ ዲስኩ ከአራት ሰዓት በኋላ ይሞላል» ማለት ይችላሉ። እኛ የምንደነግጠው ከሆነ በኋላ ብቻ ነበር፤ ለጤናም ይሻላል። ልጆቹ ሲሰለቻቸው የቴሌግራም ቡድኑን ድምፅ ዘጉት። የዛሬ ልጅ ኃላፊነት አያውቅም። እኔ ጡረታ ወጥቼ እንኳ ከቡድኑ አልወጣሁም፤ ስልኬም ከትራሴ ሥር ነው፤ ባለቤቴ ናት ሌላ ክፍል መተኛት የጀመረችው።

ጩኸቱ ሲበዛ ሰው መስማት ያቆማል፤ ጩኸቱ ሲጠፋ ደግሞ የባሰ ነው። ጊትላብ በሚባለው የሶፍትዌር ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ በስሕተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች አጠፋ። ባክአፕ ይፈለግ ሲባል ማስቀመጫው ባዶ ነበር፤ ባክአፑ በሶፍትዌር ዕትም አለመጣጣም ሲከሽፍ ነበር የቆየው። «ከሽፏል» የሚለው ኢሜይል በየጊዜው ይላካል፤ ግን በአግባቡ ስላልተፈረመ ተቀባዩ የኢሜይል ሰርቨር ይመልሰዋል። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ የስድስቱ ሰዓት ዳታ ቀረ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 4 ቀን 2021 ለስድስት ሰዓት ያህል ሲጠፋ ደግሞ ችግሩን የሚፈቱበት የውስጥ መሣሪያም አብሮ ጠፋ። በ2020 መጨረሻ የተሰማው የሶላርዊንድስ ነገርስ? ኦርዮን የተባለው መከታተያቸው አፕዴት ውስጥ ሰርጎ ገቦች ተንኮለኛ ኮድ ደብቀው ኖሮ እስከ 18,000 የሚደርሱ ደንበኞች በገዛ እጃቸው ጫኑት። ቁልፍ ሁሉ የተሰጠው ዘበኛ ሌባ ይዞ ሲገባ ማን ይጠረጥራል?

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ፣ ቢሮ ውስጥ የራሳችሁ ጥቂት ሰርቨሮችና አንድ ትጉህ ልጅ ካላችሁ ዛቢክስ ይበቃችኋል። ልጅም ትዕግሥትም ከሌላችሁ፣ ዶላር ካላችሁ፣ ዳታዶግን የመሰለውን ክፈሉ፤ ውሉን ስትፈርሙ ግን የሚቆጠረው ምን እንደሆነ አስጽፉ። ገንዘባችሁ የሚያልፈው በአንድ ዳታቤዝ ከሆነ ለእሱ የተሠራውን ጨምሩ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ዳታቤዙ ራሱ የሚሰጠውን አብሩ። የትኛውንም ብትመርጡ በሙከራው ጊዜ የሙከራ ሰርቨር ገመድ ንቀሉ፣ ዲስኩን በትርኪምርኪ ሙሉት፣ አንድ ቴብል ቆልፋችሁ ምሳ ውጡ፤ ከዚያ የማን ስልክ እንደጮኸ ጠይቁ። የማንም ካልሆነ ሻጩን አሰናብቱ። መከታተያውንም ከሚከታተለው ጋር አንድ ሶኬት ላይ አትሰኩት፤ መብራት ሲሄድ ሁለቱም ተያይዘው ነው የሚሄዱት፣ ያኔ ዝምታው ሰላም ይመስላችኋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውንማ አልወደውም። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት «የችግሩ ሥር ይኼ ነው» እያለ ይነግረናል አሉ። የችግር ሥር መናገር የሽማግሌ ሥራ ነበር! እኔ ዘመን አመጣሽ ነገር አልወድም፤ አዲስ ዕትም በወጣ ቀን ማታውኑ የምጭነውም ምን እንዳበላሹ ለማየት ብቻ ነው። ባለፈው የምጠቀምበትን ሶፍትዌር ሜኑ ከላይ ወስደው ግራ ጎን አቁመውት አገኘሁ። ማን ንኩ አላቸው? የቀድሞው ሜኑም ቢሆን የማይረባ ነበር፤ ግን የራሳችን የማይረባ ነበር።