የሁላችን ስልክ ቁጥር

«ስንደውልልዎ ይመጣሉ» ከተባልኩ ቆየሁ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ ጉዳዬ ገና አላለቀማ። ስልኬን ትራስጌ አድርጌ ብጠብቅ ብጠብቅ የሚደውለው አበዳሪዬ ብቻ ሆነ። ቢቸግረኝ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስሜን ፈልጋ አገኘችና «ጋሼ፣ እኛ እኮ ደውለናል፤ ቁጥርዎ አይሠራም» አለችኝ። ስክሪኑን አዞረችልኝ። ከስሜ ትይዩ 2147483647 ይላል። «ይሄማ የኔ አይደለም!» ስል ከኋላዬ የቆሙ እናት አንገታቸውን አስግገው «እስቲ የኔንም እይልኝ ልጄ» አሏት። የእሳቸውም 2147483647። የቀጣዩም። ሰልፉ ባንዴ ቤተ ዘመድ ሆነ። የገዛ ቁጥሩ የተገኘለት አንድ ጎረምሳ ብቻ ነው፤ «ከ251 ጀምረው ይሙሉ» የሚለውን መመሪያ ከቁብ ሳይቆጥር በ09 ስለጀመረ። እሱም ቢሆን ዜሮዋ ተበልታበታለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ብዙ ኮምፒውተር ቁጥር የሚያስቀምጠው 32 ቢት፣ ማለትም 32 የዜሮ ወይም የአንድ ቦታ፣ በምትይዝ ሳጥን ነው። አንዷ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ትያዛለች። በቀሪዎቹ 31 የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ሁለት 31 ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት ነው፤ እሱም ይኸው ጉደኛ ቁጥር። በ251 የሚጀምር ስልክ 12 አሃዝ ስለሆነ አይገባበትም። አንዳንዱ የመረጃ ቋት ታዲያ «አልችልም» ማለት ሞት መስሎት፣ የሚችለውን ትልቁን ጽፎ ዝም ይላል።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ቁጥሩን ላካፍለው ተነሳሁ። ለ3 እምቢ፣ ለ7 እምቢ፣ ለ11 እምቢ። ለካ ኦይለር የሚባለው የስዊስ ሊቅ ቀድሞኛል። እ.ኤ.አ. በ1772 ለሒሳብ ሊቁ ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ፣ ይህ ቁጥር ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ «ብቸኛ» የሚባል ዓይነት ቁጥር መሆኑን አስታውቋል። እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ እስከ 46,340 ያለውን ሁሉ እንደኔ አልፈተገም። አካፋይ ካለው ያ አካፋይ ለ62 ሲካፈል 1 መትረፍ እንዳለበት ያውቃል፤ በዚያ ላይ ሌላ ወንፊት ጨመረና ቢበዛ 372 ማካፈል በቃው። እሱ ለማንም አይካፈልም ያለውን እኛ ሰልፈኞቹ እኩል ተካፈልነው።

ቁጥሩ ግን ከኔ ጉዳይ የባሰ ቀጠሮም አለው። ብዙ ኮምፒውተሮች ሰዓት የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ወዲህ ያለፈውን ሰከንድ በመደመር ነው። 2,147,483,647ኛው ሰከንድ በኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይውላል። የጥምቀት ዕለት፣ ታቦታቱ ጃን ሜዳ አድረው ሕዝቡ ጸበል ሲጠብቅ! በቀጣዪቱ ሰከንድ ሰከንዱን በዚያችው ባለ 32 ቢት ሳጥን የሚያስቀምጥ ያልታደሰ ኮምፒውተር የቁጥሩ ምልክት ወደ መቀነስ ይገለበጥበትና ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ይመለሳል፤ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው፣ እኔ አልተወለድኩም፣ አበዳሪዬም አልተወለደም።

ባለሙያዎቹ ሳጥኑን ወደ 64 ቢት እያሰፉት ነው፤ ያስፉት። አንድ የተረሳ ኮምፒውተር ከቀረ ግን ዕዳዬ የተጻፈበት ይሁን ብዬ ለጥምቀት ማግስት ለሚካኤል ጃንጥላ ተስያለሁ።