ዕረፍት ወጣሁ እንጂ አገር ቤት አልሄድኩም

አሜሪካ የሚሠራ ሐበሻ ረጅም ዕረፍት ከጠየቀ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ወይ ሊያገባ ነው፣ ወይ ልጅ ተወልዶለታል፣ ወይ አገር ቤት ሊሄድ ነው። አራተኛ ምክንያት ማንም አይጠረጥርም። የእኔ ግን አራተኛው ነበር። ጨጓራዬን ላስቆርጥ ነው።

ስሊቭ ይሉታል። ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና ሙዝ የምታክል ቀጭን ቱቦ ብቻ ትቀራለች። ሆድ እንደ ድሮው ተሰንጥቆ አይከፈትም፤ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ገብቶ ነው የሚሠራው። ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ክፍል ከተቆረጠው ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ ቦታው መጥበቡ ብቻ ሳይሆን አምሮቱም ይቀንሳል። እኔ ስኳር አለብኝ፤ ጉልበቴም ደረጃ አይቶ የሚያቃስት ነው። ሐኪሙ ስኳሩ ሊሻሻል እንደሚችል ነገረኝ፣ ተስማማሁ። ስለ ቢላዋው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ማደንዘዣ ተሰጥቶኝ ስለነበር አላየሁትም። ያየሁት ዕረፍቱን ነው።

የምሠራው ሜሪላንድ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ነኝ። የቢሮ ሠራተኛ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። እኔም ይህን ሰምቼ፣ ከፒቲኦዬ፣ ከሚከፈልበት ዕረፍቴ፣ ሁለት ሳምንት አውጥቼ፣ ማንም ሳያውቅ ሄጄ ማንም ሳያውቅ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሐኪሙ ግን «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ምን ያህል ክብደት ታነሺያለሽ?» «እንደ ሰውየው ነው» አልኩት። ሆየር የሚባል ማንሻ ማሽን አለን። ማሽኑ ሌላ ፎቅ ላይ ሆኖ ሽማግሌው «ሽንት ቤት፣ አሁኑኑ» ሲሉ ቆሞ የሚጠብቅ ሲኤንኤ ካለ ግን እኔ አላጋጠመኝም። ሐኪሙ ፎርሙ ላይ ስድስት ሳምንት ጻፈ፤ እስከዚያ ከ15 ፓውንድ በላይ እንዳላነሳ። ሰባት ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ሰባት ኪሎ የሚመዝኑ አረጋዊ እኛ ጋ የሉም። ቀላል ሥራ ካለ ስጡኝ ብዬ ኤችአር ገባሁ፤ «ወይ ሙሉ ሥራ፣ ወይ ቤትሽ» ብለው መለሱኝ።

እንግዲህ ሕግ ማንበብ ጀመርኩ። ኤፍኤምኤልኤ የሚባለው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ቢል ክሊንተን ነጩ ቤት በገቡ ወር ሳይሞላቸው፣ በ1993 የፈረሙት ነው። እስከ 12 ሳምንት ድረስ ሥራሽን አይነኩብሽም፤ የጤና ኢንሹራንስሽም ይቀጥላል። መሥሪያ ቤቱ ቢያንስ 50 ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል፤ አንቺም 12 ወር የሞላሽና ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት የሠራሽ መሆን አለብሽ። 1,250 የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ደብል፣ ማለት ሁለት ሽፍት፣ የሚሠራ ሐበሻ ይህችን ዓመቱ ሳይጋመስ ነው የሚጨርሳት። ያላሳቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ፈቃዱ ክፍያ የለውም። ሥራሽን ይጠብቁልሻል፣ የቤት ኪራይ ግን እኔን አይጠብቀኝም። ድንበሩን ተሻግሬ ዲሲ ብሠራ ኖሮ ይከፈለኝ ነበር፤ ከተማዋ ከ2020 ጀምሮ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። ሜሪላንድም በ2022 ሕጉን አውጥታለች፤ ገንዘቡ የሚጀምርበትን ቀን ግን ታራዝመዋለች፣ ደግማ ታራዝመዋለች። እኔ መቼም ጨጓራዬን ይዤ አናፖሊስ ያሉ ሹማምንት እስኪስማሙ አልጠብቅም። በጋውን በደብል ጨረስኩትና፣ የዕቁባችንን ዳኛ ዕጣዬን በኦክቶበር እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው። «ምነው፣ በሰላም?» አሉኝ። «በሰላም ነው ጋሼ።» ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ ያኔ ልብ ብላት ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር።

ኦክቶበር እንዴት እንደተገኘ ልንገራችሁ። ቀጠሮ የምትይዘው ልጅ መጀመሪያ «ማርች ይመችሻል?» ነው ያለችኝ። ማርች ሁዳዴ ነው። ከቀዶው በፊት ጉበት እንዲያንስ ሁለት ሳምንት ገደማ የፕሮቲን ሼክ ይጠጣል፤ ሼኩ ደግሞ አብዛኛው ከወተት የሚሠራ ነው። ታማሚ በጾም እንደማይገደድ አውቃለሁ፤ የንስሐ አባቴም «ልጄ፣ መድኃኒት ነው» ብለው በአንድ ቃል ይፈቱኛል። ነገር ግን በዚያ 55 ቀን መሐል መኪናዬ ውስጥ ቸኮሌት ሼክ ይዤ ብታይ፣ ለእያንዳንዱ መንገደኛ የንስሐ አባቴን ስልክ መስጠት ሊኖርብኝ ነው። «ሜይስ?» ምርቃት። ጁን ሠርግ። ጁላይም ሠርግ፣ በዚያ ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ከ1984 ጀምሮ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር አለ፤ ዘመድ ከየስቴቱ ይጎርፋል። ኦገስት ፍልሰታ ነው። ሴፕቴምበር እንቁጣጣሽና መስቀል። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ጾመ ነቢያት ይገባል። ዲሴምበርን ደግሞ ፈረንጆቹ ቀድመው ይዘውታል፤ ጃንዋሪ ሲመጣ ዲዳክተብሉ፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው፣ ከዜሮ ስለሚጀምር ያልተቆረጠ ሁሉ ዓመቱ ሳያልቅ ለመቆረጥ ይሻማል። ልጅቷ ትዕግሥተኛ ነበረች፤ መጨረሻ ላይ ግን «የእናንተ ሰዎች በዓመት ውስጥ የማትበሉበትና የማትጾሙበት ቀን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ኦክቶበር አልኳት። ኦክቶበር ውስጥም ጽጌ አለ፤ እሱ ግን የፈቃድ ጾም ነውና ፈቃዴን ነፈግኩት።

ኢንሹራንሱ እሺ ከማለቱ በፊት ወራት የሚወስድ የምግብ ባለሙያና የሥነ ልቦና ባለሙያ ቀጠሮ ነበረብኝ። የምግብ ባለሙያዋ በሲኒ የምትለካ ሴት ናት። «ይህ እንጀራ የምትዪው ስንት ሲኒ ይሆናል?» እንጀራ በሲኒ! «ከስንት ሰው ጋር ነው የምትበዪው?» «ከመጣው ጋር።» «የራስሽን ድርሻ በምን ታውቂዋለሽ?» ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። ጉርሻን ለማስረዳት ስሞክር እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ ሌላ ሰው አፍሽ ውስጥ የሚያስገባልሽ ምግብ ከቀዶው በኋላ ፈጽሞ አይሆንም አለችኝ። የሥነ ልቦናው ሰውዬ የጠየቀኝ፣ ስታገግሚ የሚደግፍሽ ሰው አለ ወይ ብሎ ነው። እኔ የፈራሁት ደጋፊውን ነበር። የታመመ ሰው በእኛ ዘንድ ብቻውን አይተኛም፤ ይጠየቃል፣ አጥሚት ይመጣለታል፣ ገንፎ ይገነፋለታል፣ ቅቤው ከላይ ይፈስበታል፣ እየተለመነ ይበላል። እኔ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ስኳር ፈሳሽ በፉት፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ምግብ በማንኪያ እንድወስድ ነው የታዘዝኩት። ገንፎ ይዛ የመጣች ሴትዮን በፉት መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ምስጢር ይሁን አልኩ፤ ከእኅቴ በቀር ለማንም። ለእናቴማ በስልክ «ጨጓራዬን ሊቆርጡት ነው» ብላት ከእኔ ቀድማ ሆስፒታል የምትገባው እሷ ናት።

ሕጉ በምስጢር በኩል ሸጋ ነው። የቅርብ አለቃሽ ሐኪምሽ ጋ ደውላ ማነጋገር አትችልም፤ በግልጽ ተከልክላለች። ችግሩ ሌላ አንቀጽ ላይ ነው። አስቀድሞ የታወቀ ሕክምና ከሆነ የ30 ቀን ማስታወቂያ መስጠት ግዴታ ነው። ሠላሳ ቀን ለኤችአር ምንም አይደለም። ለወሬ ግን ዘመን ነው። የሽፍት ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ከስሜ ፊት ስድስት ሳምንት ባዶ ሆነ። ምሽቱን የምትሠራው ልጅ ባዶውን በጣቷ ቆጠረችና ዞራ አቀፈችኝ። «አንቺ ድብቅ! ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?» ደነገጥኩ። «ማን ነገረሽ?» «የዕቁቡ ጋሼ ናቸዋ። መቼ ነው የምትበሪው?»

አልዋሸሁም። አንድም ቀን እሄዳለሁ አላልኩም። «ለግል ጉዳይ ነው» ብቻ ነው ያልኩት፤ ይህም «አዎ» ማለት መሆኑን ያወቅሁት ዕቃው መምጣት ሲጀምር ነው። ከዳለስ አየር ማረፊያ ወደ አገር ቤት የሚነሣው አውሮፕላን ለአንድ ተሳፋሪ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች እንደሚፈቅድ ሐበሻ ሁሉ ከልደቱ ቀን ይልቅ ያስታውሰዋል። መጀመሪያ የደም ግፊት መለኪያ መጣ፤ «ትንሽ ናት፣ ከሻንጣሽ ጥግ።» ከዚያ ለአባት ጫማ፣ ለእኅት ልጅ ስልክ፣ ለሦስት እናቶች ቫይታሚን። አንዲት እትዬ ለመካነ መቃብር ሐውልት የሚሆን በመስታወት የተለበደ ፎቶግራፍ አመጡልኝ። የሟችን ፎቶግራፍ «አልወስድም» የሚል አንደበት የለኝም። ሰባት ኪሎ እንዳታነሺ የተባልኩት ሴት ሁለት ሻንጣ ሙሉ የሰው ዕቃ ታቅፌ ቀረሁ። ደግነቱ የእኅቴ ጎረቤት በእውነት ሊሄድ ኖሮ፣ ሻንጣዎቹን እየተነጫነጨ ወሰደልኝ።

ቀዶው በሰላም አለቀ። ሆዴን ለመንፋት ያስገቡት ጋዝ ትከሻዬ ላይ ወጥቶ ከቁስሉ በላይ አመመኝ፤ ይህ የተለመደ ነው አሉኝ። መድኃኒቱ መራመድ ነው። ደም እንዳይረጋም መራመድ ነው። በየሰዓቱ ተነሺ፣ በየቀኑ ውጪ ተብያለሁ። የት ልውጣ? በወሬው መሠረት አዲስ አበባ ነኝ! ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሐበሻ የማያይሽ ጎዳና የለም። እኅቴ ከሥራ ስትመለስ መኪና ውስጥ ታስገባኝና ወደ ፍሬድሪክ መንገድ ይዛኝ ትወጣለች፤ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ውኃዬን ፉት እያልኩ እዞራለሁ። እዚያም ጫማ መሸጫው በር ላይ የቆመ ዘበኛ አተኩሮ አየኝና «እኅቴ፣ የት ነው የማውቅሽ?» አለኝ፤ በአማርኛ። እኅቴ በእንግሊዝኛ መለሰችለት። ሰውዬው ሳቀ፤ ምኑን እንደሳቀ ገብቶኛል።

ቤት ስመለስ ደግሞ መልእክቱ ይጠብቀኛል። «አገሩ እንዴት ነው?» «ኑሮው ተወደደ አይደል?» ለሁሉም መልሴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር። ይህች መልስ ያልሄዱበትን አገር ሁኔታ እንኳ በሚገባ ትገልጻለች። መልእክቱን የምልክበትን ሰዓት ግን መምረጥ ነበረብኝ፤ እዚህ ከምሳ በኋላ ስጽፍ እዚያ እኩለ ሌሊት እየቀረበ ነው፣ «አልተኛሽም እንዴ?» ይላሉ። ከሁሉ የከበደኝ ሼኩ አልነበረም፣ ረሃብማ አልነበረኝም። የከበደኝ ሰው ናፍቆኝ፣ ሰዉ በመኪና አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ሆኖ፣ ባሕር ማዶ ያለሁ ያህል መኖሬ ነው። ያቺን የፈራኋትን ገንፎ ይዛ አንዲት ሴት በሩን ብታንኳኳ ደስ የሚለኝ ቀን መጣ።

ስድስት ሳምንቱ ሲሞላ ሐኪሙ «ያለ ገደብ መሥራት ትችላለች» የሚል ወረቀት ጻፈልኝና ሥራ ገባሁ። ልብሴ ሰፍቶኛል፣ ጉንጬ ጎድሏል። አገር ቤት የሄደ ሰው ወፍሮ፣ ፊቱ አምሮ ነው የሚመለሰው። የምሽቷ ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ! ምን አገኘሽ? ውኃው ነው?» «ውኃ ነው» አልኳት፤ ለሳምንታት ሌላ የጠጣሁት ነገር ብዙም አልነበረምና። «እማዬ ቡና አፍልታ ስትጠብቅሽ ዕቃውን ረጅም ሰውዬ አደረሰው አለችኝ።» «ዘመድ ነው።» «እሺ፣ በርበሬዬስ?»

በርበሬ! ዕቃ የሰጠ ሁሉ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ ይጠብቃል፤ ይህን እኔም ሰጥቼ እኔም ጠብቄ የማውቀው ነው። በዚያው ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ሱቅ ገዛሁ፣ ማሸጊያውን ቀድጄ በፌስታል በፌስታል ቋጠርኩ፣ በማግስቱ አደልኩ። የምሽቷ ልጅ ፌስታሉን ፈታ አፍንጫዋን አስጠጋችና ዓይኗን ጨፈነች። «ይኸውልሽ! እዚህ የሚሸጡልን እኮ እንዲህ አይሸትም።» ቅዳሜ ዶሮ ልትሠራበት ነው፤ እንደማልቀርም ለሁሉም ነግራለች። ጉርሻዋን አውቀዋለሁ፤ ሁለቱን እጇን ነው የምትጠቀመው።