የአቶ ዋጋው ይመለሳል አጭር የሕይወት ታሪክ

ለቀስተኞች ሆይ፣ ሟችን የማያውቅ እዚህ የለምና ስለ ደግነታቸው ብዙ አልደክምም። አቶ ዋጋው ይመለሳል ከአባታቸው ከአቶ እልህ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ተስፋ ተወልደው፣ የከሰረ አክሲዮን ታቅፈው ኖረው፣ የአክሲዮኑ ባለቤት «በቃ ይሸጥ» ሲል አረፉ። ማንንም «ከሰርክ» ብለው አያውቁም። ነውራቸው አንድ ነበር፤ ከተገዛበት ዋጋ በቀር ሌላ ቁጥር አይገባቸውም። በ1,000 ብር የተገዛ አክሲዮን 50 በመቶ ወርዶ 500 ሲገባ «50 በመቶ ቢጨምር እኮ አለቀ» ይሉ ነበር። ቢጨምር 750 ላይ ነው የሚቆመው፤ ለመመለስ እጥፍ መሆን አለበት፤ 200 ከደረሰ ደግሞ አምስት እጥፍ። ሟች ከመቶኛ ስሌት ጋር እንደተኳረፉ ነው ያለፉት።

በውጭም ዘመድ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1993 የ10,000 አሜሪካውያን ደንበኞችን ሒሳብ የመረመረ ጥናት፣ ሰዎች ያተረፈውን ቶሎ ሸጠው የከሰረውን እንደሚያቆዩ አሳይቷል፤ በተከታዩ ዓመትም የተሸጠው ከቀረው የተሻለ አደገ። ምቾታቸው ግን እኛ ዘንድ ነበር። ድርጅቶች በ1967 በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ እስከ ጥር 2017 ድረስ የተደራጀ የአክሲዮን ገበያ አልነበረንም፤ ዋጋ በማይለጠፍበት አገር ደግሞ ኪሳራ አይታይም። ምስክር ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከቤት ካርታው ሥር ይቀመጣል፤ ላዩ ላይ ዛሬም 1,000 ብር ይላል። ብሩ ራሱ ግን አልጠበቀም፤ እስከ ሐምሌ 2016 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሟች የሚጠብቁት 1,000 ብር ቢመለስም ያ የሄደው አይደለም።

«የተመለሰም አለ» የሚል አስለቃሽ አይጠፋም። እውነት ነው። የቶኪዮው የአክሲዮን ገበያ መለኪያ ኒኬይ እ.ኤ.አ. በ1989 የደረሰበትን ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 አልፎታል፤ ያውም የአንድ ድርጅት አክሲዮን ሳይሆን የብዙ ድርጅቶች መለኪያ ስለሆነ ነው፣ የደከመው እየወጣ ሌላ ስለሚተካበት። «ድርጅቱ ጤነኛ ከሆነስ?» ለሚል፣ ይያዝ፤ ግን ምክንያቱ የድርጅቱ ጤና ይሁን እንጂ የተገዛበት ዋጋ አይሁን። ዛሬ ገንዘቡ በእጁ ቢኖር ያንኑ አክሲዮን የማይገዛ ሰው፣ የያዘው አክሲዮን ሳይሆን ኩርፊያ ነው።

ገዳያቸው ሻጩ ባለቤት ነው የሚለውን ሐሜት አልቀበልም። እውነተኛውን ገዳይ፣ «በዓመቱ እጥፍ ነው» ብሎ አክሲዮኑን ሸጦ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ጥራ ሲሉት ስልኩን የዘጋውን እናውቀዋለን፤ ስሙን ግን በለቅሶ ቤት አንጠራም። እዚህ ላይ ፌዙ ይቅር፤ በዚያ ወረቀት ውስጥ የልጅ ትምህርት ነበረ፣ የጡረታ ማሟያ ነበረ፣ በዐረብ አገር ማጀት የተቆጠበ ደመወዝ ነበረ።

ሟች ያለ ልጅ አላለፉም። የበኩር ልጃቸው «እስቲ ዘንድሮን ልየው» ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል። አጽናኑት፤ ገንዘብ ግን እንዳታበድሩት።