ጡሩምባው በየትኛው በር ይነፋል?

የእናቴ ሙት ዓመት ዕለት ሁለት ድፎ ዳቦና አንድ ጀሪካን ጠላ ይዤ ከሽሮ ሜዳ ገበያ በላይ ወዳለው የአረጋውያን ቤት ወጣሁ። ሐሳቤ ዝክሩን አድርሼ፣ ምርቃቴን ተቀብዬ መመለስ ነበር። ቤቱን የምታስተዳድረው ሲስተር ግን በሩ ላይ ወረቀት ይዛ ቆማለች። የአራት ወር ኪራይ ስላልተከፈለ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ይለቀቅ ይላል። ከውጭ አገር ገንዘብ ይልክ የነበረ አንድ በጎ አድራጊ ካቆመ ቆይቷል። ውስጥ አሥራ አራት አረጋውያን ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ገና አልሰሙም። የእናቴ ነገር ሆዴን አባብቶት ስለነበር፣ «አይዘጋም፤ እኔ አለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። መዘጋቱን በምን እንደማስቆመው ግን አላውቅም።

መጀመሪያ አከራይዋ ዘንድ ሄድኩ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። በር የከፈቱልኝ ግን ከዘራ የተደገፉ እናት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በዚያች ኪራይ ነው። «ልጄ፣ ጨክኜ እኮ አይደለም፤ የእኔም ጡረታ እሷው ናት» አሉኝ። ያዘጋጀሁትን ቃል ሁሉ ዋጥኩት። ቡና አጠጥተው አንድ ወር ጨመሩልኝ።

«ጡረታ» የሚለው ቃል መንገዱን ሁሉ አብሮኝ ወረደ። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ከድሮም ጡረታ አለው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደው ሴት፣ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ሸማ ሲሠራ የኖረው ሰው፣ በየሰው ቤት ልብስ ያጠበችው እናት ግን ከደመወዛቸው የሚቆርጥ አሠሪ ኖሯቸው አያውቅም። የእነሱ ጡረታ ልጅ ነበር። ልጅ ሲሞት፣ ሲሰደድ፣ ወይም ራሱ ሲቸገር የሚቀራቸው ደጀ ሰላም ወይም እንዲህ ያለ ቤት ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። የወር ኪራይ ግን አቅም እስኪፈቅድ አይቆይም።

መስከረም 21 የዓለም አረጋውያን ቀን ነው። ያን ቀን ድንኳን ተክዬ፣ ትኬት አሳትሜ፣ የቡና ዝግጅት አደረግሁ። ሰው ሲያያቸው ያዝናል ብዬ አረጋውያኑን ከፊት ደረደርኳቸው። እግራቸው ሥር ዣንጥላ ዘረጋሁ። ንግግሬን ስጀምር መብራት ጠፋ፤ ማጉያው ዝም አለ፤ ቀጥሎ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ሰው በየጥጉ ሲጠለል አንድ አባት ብቻ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ዝናቡን ከቁብ ሳይቆጥሩ ወደ ቤት ገቡ። ድሮ ሸማኔ ነበሩ። ማታ ገንዘቡን ስንቆጥር የአንድ ወር ኪራይ እንኳ አልሞላም። ልሰናበት ስገባ እኚያ አባት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እዚህ የገባሁት ከልመና ሸሽቼ ነው። ዛሬ መልሰህ ደጀ ሰላም አስቀመጥከኝ።»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ሰው ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን የመቄዶንያ አረጋውያን መርጃ ማዕከል መፈክር ሁሌም እወደዋለሁ። ከፊት የደረደርኳቸውም ሰው መሆናቸውን ያን ቀን ዘንግቼ ነበር። በማለዳ ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ምን ላድርግ አልኳቸው። «መጀመሪያ እኛን ጠይቀን» አሉ።

ጠየቅኋቸው። ሲስተርም ወረቀቱን አነበበችላቸው። እናቶቹ እንዝርታቸውን ከየቋጠሯቸው አወጡ፤ ሽሮ ሜዳ ለማግ ገበያ አያጣም። ሸማኔው አባት መወርወሪያ የሚጨብጥ ጉልበት ባይኖራቸውም ማጉን አዳወሩ። ዕድሜያቸውን እንጨት ተሸክመው ወገባቸው የጎበጠ አንዲት እናት ደግሞ በነጠላ ጫፍ የቋጠሩትን የእድር ደብተር ፈተው፣ «እኔን እድሬ ውሰደኝ» አሉኝ።

እሑድ ደግፌ ወሰድኳቸው። ሰብሳቢው በአክብሮት ተነሥተው ካስቀመጧቸው በኋላ ደንቡን አነበቡ። የእድሩ ገንዘብ ለቀብርና ለለቅሶ ብቻ ነው። እሳቸውም ወደዚያ ቤት ከገቡ ወዲህ የሚከፍልላቸው ስላልነበረ ከመዝገብ ተሰርዘዋል። እማማ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ኪራይ ክፈሉልኝ ልል አልመጣሁም። ሠላሳ ዓመት ለሁላችሁም ቀብር እንጀራ ጋግሬ መጥቻለሁ። ቤቱ ሲዘጋ እኔም የትም እወድቃለሁ። የዚያን ቀን ጡሩምባው በየትኛው በር ይነፋል? ማዘጋጃ ቤት እንዳይቀብረኝ ነው የመጣሁት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። መጀመሪያ የተናገሩት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ናቸው። «በዚህ ሰፈር የማላውቀው በር የለም። የእሳቸውን ግን ከወጡ ወዲህ አላውቀውም። አፈርኩ።» ከዚያ ክርክሩ እስከ ቀትር ሄደ። በመጨረሻ ደንቡ ተሻሻለ። እማማ ወደ መዝገባቸው ተመለሱ፤ ውዝፉን እድሩ ከተቀማጩ አበደረን፤ 310ሩ አባላት በወር 50 ብር ሊጨምሩ ተስማሙ። ይህ 15,500 ብር ነው፤ ኪራዩ 18,000። የጎደለውን ማጉ ይሞላል፤ ማጉ ያልሞላውን እኔ።

እኛ ለሞተ ሰው ድንኳን ለመትከል ሌሊት የምንነሣ ሕዝብ ነን። ያ ጉልበት አለን፤ የሰው ደጅ ገና በሕይወት ሳለ ማወቅ ነው የቀረን።

ከሳምንት በኋላ ጡሩምባ ነፊው ወደ አረጋውያኑ ቤት መጡ። ሲስተር ደንግጣ ማን ሞተ አለች። ባዶ እጃቸውን አሳዩዋት። «ማንም አልሞተ። በሩን ልለምደው ብዬ ነው» አሉና ከእማማ አጠገብ ተቀመጡ። ቡናው ገና አቦል ነበር።