ከውጭ ሀገር የሚመለሱ ሰዎችን መሸኛ ለማስያዝ የወጣ የፌዝ አዋጅ

አንድ ሰው ቤቱ ገባ የሚባለው ደጁን ሲረግጥ ሳይሆን ቀድሞ ከነበረበት ቦታ መልቀቁ በማህተም ሲረጋገጥ መሆኑ ስለታመነበት፤ በቦሌ ሀገር የገባች እህት አቃቂ ቃሊቲ ላይ መታወቂያ እስክታወጣ ድረስ ገና መንገድ ላይ እንዳለች መቁጠር አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወደ ሀገሩ የመመለስ መብት አለው ሲል ወደ ሀገሩ አለ እንጂ ወደ ቤት ቁጥሩ ስላላለ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ። ይህ አዋጅ “የነገ ከሰዓት ተመለሽ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር “መስኮት” ማለት ከጀርባው ሰው ያለ የሚመስል ቀዳዳ ነው። “ሲስተም” ማለት የሌለ ነገር ነው። “ተመላሽ” ማለት ከዓረብ ሀገር መጥታ፣ ተወልዳ ባደገችበት ሰፈር የነዋሪነት መታወቂያ የምትጠይቅ ሰው ናት።

አንቀጽ 3፦ ስለ መሸኛ። ማንኛዋም ተመላሽ ቀድሞ ከኖረችበት ቀበሌ መሸኛ ሳትይዝ መታወቂያ አይሰጣትም። የኖረችው ሪያድ ከሆነ የሪያድ ቀበሌ ይጽፍላታል፤ ሪያድ ቀበሌ የላትም የሚባል ከሆነ፣ የሌላት ስለመሆኗ ሪያድ ራሷ ትጽፋለች፤ ደብዳቤው በዓረብኛ ከሆነ ይተረጎማል፤ ተርጓሚው መታወቂያ ያሳያል፤ መታወቂያ ከሌለው መሸኛ ያመጣል። ፓስፖርቷ አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ በሊሴ ፓሴ የገባች ተመላሽም ከዚህ ግዴታ ነጻ አይደለችም፤ ሊሴ ፓሴ የሚያገለግለው ለአንድ ጉዞ ስለሆነ ባለቤቷ ኢትዮጵያዊት የነበረችው ለዚያ በረራ ያህል ብቻ ነው። በሰኔ 2012 ቤሩት ላይ አሠሪዎቻቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው የሄዱ የቤት ሠራተኞች ግን በልዩ አስተያየት ይታያሉ፤ የመኪናውን በር የዘጋው እጅ ከፈረመላቸው ይበቃል።

መሸኛ ከመሸኘት የመጣ ቃል መሆኑን አርቃቂው አልዘነጋም። ሸኚ ያለው ሰው ስንቅ ይቋጠርለታል፣ እስከ መናኸሪያ ይከተሉታል። በጥቅምት 2006 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ስደተኞችን ማፈስ ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ መንፉሃ በሚባለው የሪያድ ሰፈር ሰው ሲሞት፣ ሸኚው ማን ነበር? ብዙዎቹን ዱላ ነው የሸኛቸው። ስለሆነም በዱላ የተሸኘች ተመላሽ ገላዋ የበለዘበትን ቦታ ለመስኮቱ ልታሳይ ትችላለች፤ ክብና ሰማያዊ ከሆነ ማህተም ተብሎ ይያዝላታል፤ ከደበዘዘ ግን “አይነበብም” ተብላ ትመለሳለች። ኧረ በእናታችሁ! ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት የሚወጣ እስረኛ እንኳ የመፈቻ ወረቀት ይሰጠዋል። ቃሊቲ ጉምሩክ የገባ ፍሪጅ ዲክላራሲዮን አለው፤ ከየት እንደመጣ፣ የማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚመዝን ተጽፎለታል። ወረቀት ያጣችው ባለቤቱ ናት።

የመስኮቱ ወገኖች ምክንያት የላቸውም ማለት ግን አይገባም። “መሸኛ ካልጠየቅን አንድ ሰው ሁለት ቦታ መታወቂያ ያወጣል” ይላሉ። ሐሰተኛ መታወቂያ በዚህ ከተማ የታየ ችግር ነው፤ አይካድም። ሆኖም መታወቂያ የሚፈበርክ ሰው መሸኛም ይፈበርካል፤ መሸኛው የሚያግደው ፎርጅድ የማታውቀዋን ብቻ ነው። ድርብ ምዝገባን የሚይዘው ጣት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሕግ መሠረት ያገኘው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የአሥር ጣት አሻራና የዓይን ብሌን ይወስዳል፣ ሰነድ የሌለውንም በምስክር ይመዘግባል። “ፋይዳ ማን እንደሆነች እንጂ የት እንደምትኖር አይናገርም” ቢባል፣ እሱን የሚያውቅ እድር አለ። ብትሞት ከየትኛው ደጅ አስከሬኗ እንደሚወጣ የሚያውቅ ጎረቤት፣ በሕይወት ሳለች የት እንደምታድር መመስከር እንዴት ያቅተዋል? “ከክፍለ ሀገር የመጣውም መሸኛ ያመጣል፣ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው” የሚሉም አሉ። ከደብረ ብርሃን የመጣው የሚያመጣው እዚያ የሚጽፍለት ቀበሌ ስላለ ነው። ከሌለ ቢሮ አምጪ ማለት በጨዋ አማርኛ ሂጂልኝ ማለት ነው።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ዜግነቷን ለለወጠች ሰው አይሠራም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የውጭ ፓስፖርት ያላት ትውልደ ኢትዮጵያዊት ቢጫ ካርዷን ይዛ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ትኖራለች። ደግ ሕግ ነው፣ ማንም አይቀናበትም። የሚመረው ዜግነቷን ሳትለውጥ ዓመታት የሰው ቤት ስታጥብ የኖረችው፣ የላከችው ብር የእናቷን ጣሪያ የቀየረው ሴት ከበር ስትመለስ ነው። በ2014 ለገና 1 ሚሊዮን ዳያስፖራ ወደ ሀገር ቤት እንዲመጣ ጥሪ ተደረገ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ከሳዑዲ 100 ሺህ ያህል ዜጎችን የመመለሱ ሥራ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ እንግዳ ተባሉ፣ የኋለኞቹ ተመላሽ። እንግዳ መሸኛ አይጠየቅም፤ ሲሄድ ይሸኛል እንጂ።

አንቀጽ 4፦ ቅጣት። የለም። መመላለሱ ይበቃል።

አንቀጽ 5፦ የተሻሩ ሕጎች። ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማናቸውም ሕግ፣ መመሪያ፣ የልማድ አሠራር ወይም የእናት ምስክርነት ተፈጻሚ አይሆንም።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። ይህ አዋጅ የሚጸናው ከአርቃቂው ጠረጴዛ መልቀቁን የሚያስረዳ መሸኛ ይዞ ሲቀርብ ነው። እስከዚያው በነበረው ይሠራል።