ፎልደሩ ጀርመን ነው

የኮምፒውተር ባለሙያ ለአለቃው ሊነግራቸው የማይገባ ሁለት ነገር አለ፦ ደመወዙ እንዳነሰውና "ይቻላል" የሚለው ቃል። የመጀመሪያውን ቢነግራቸው አይሰሙትም፤ ሁለተኛውን ቢነግራቸው አይረሱትም።

ዋና አዘጋጃችን የመጽሔቱ ፎቶና ጽሑፍ በሙሉ የሚቀመጥበት ሰርቨር ጀርመን መሆኑ ከጅምሩ አልተዋጠላቸውም። "ልጄ፣ የእኛ ፎቶ ጀርመን ምን ይሠራል?" ይሉኛል። "ጋሼ፣ ኪራዩ እዚያ ይረክሳል" እላለሁ። "እሺ ይርከስ፤ ግን እዚሁ እኔ ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ሆኖ ሊታየኝ አይችልም?" አሉ። የቢሯችን ኮምፒውተሮች ሊኑክስ ናቸው፤ በፍልስፍና ሳይሆን በበጀት። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ይቻላል።

ነገሩ ሁለት ሰዎችን አስፈልጓል። የመጀመሪያው አብሃይ ቡሻን የተባለ የኤምአይቲ ተማሪ ነው። ኤፍቲፒ የሚባለውን ፋይል የማመላለሻ ደንብ ጽፎ ያቀረበው በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1971) ሲሆን፣ ያኔ እኛ ዘንድ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ደንቡ የዘመኑ ሰው ጨዋነት አለው፦ ሰላምታ ስጥ፣ ስምህንና ፓስዎርድህን ተናገር፣ ፋይሉን ሙሉውን ውሰድ ወይም ሙሉውን አስረክብ፣ ተሰናበት። ፓስዎርዱንም በመንገድ ላይ የቆመ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው፤ የሚደብቀው ነገር የለውም። ክሮምና ፋየርፎክስ በ2021 እ.ኤ.አ. በጡረታ ቢያሰናብቱትም፣ በየሰርቨሩ ጓዳ አሁንም በሥራ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሚክሎሽ ሰረዲ የተባለ ሀንጋሪያዊ ነው። የእሱ ሥራ ፊውዝ ይባላል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ እምብርት፣ ወደ ከርነሉ፣ ገባ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ተራ ፕሮግራም ብድግ ብሎ "እኔ ዲስክ ነኝ" ቢል ከርነሉ መታወቂያ ሳይጠይቅ ያምነዋል። ከርል-ኤፍቲፒ-ኤፍኤስ የሚባለው መሣሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እርስዎ ፎልደር ሲከፍቱ እሱ ከጀርባ ሆኖ ሽማግሌውን ኤፍቲፒን "ዘርዝር" ይለዋል፤ ፋይል ሲከፍቱ "አምጣ" ይለዋል፤ ሲያስቀምጡ "ውሰድ" ይለዋል። አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ፎልደሩ ጋሼ ዴስክቶፕ ላይ ብቅ አለ። መረቁኝ።

ምርቃቱ የሠራው የፎቶውን ፎልደር እስኪከፍቱ ድረስ ነው። ፋይል ማሳያው ፕሮግራም እንደ ልማዱ ለያንዳንዱ ፎቶ ትንሽ ምስል ሊሠራ ተነሣ። ፋይሉ ሩቅ መሆኑን ቢያውቅ ይተወው ነበር። አላወቀም፤ ተሸውዷል። ስለዚህ ጣት የምታህል ምስል ለመሥራት ሲል በመቶ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን፣ አንዳንዱን እስከ 10 ሜጋባይት የሚመዝነውን፣ ከጀርመን አዲስ አበባ ያጓጉዝ ጀመር። የቢሮው ኢንተርኔት ቀጥ አለ። የሂሳብ ክፍሏ እህታችን ከላይ ፎቅ ወርዳ "ሲስተም የለም እንዴ?" አለች። ጋሼ አንዲት ፎቶ ሊያዩ ፈልገው ነበር።

የሰዓቱ ጉዳይ ግን ለብቻው ይነገር። ወሩ ጥር ነው፤ ጀርመን ከእኛ 2 ሰዓት ወደኋላ ነው። ጋሼ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያረሙትን ርእሰ አንቀጽ አስቀመጡ። በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 10፡00 መሆኑ ነው። ኤፍቲፒ የፋይሎቹን ዝርዝር ሲሰጥ ሰርቨሩ የነገረውን ሰዓት ይሰጣል፤ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ መጨመር ልማዱ አይደለም። የ1985 እ.ኤ.አ. የኤፍቲፒ ሰነድ ራሱ ይህ ዝርዝር ከማሽን ማሽን እንደሚለያይና ለሰው ቢጠቅምም ለፕሮግራም እንደሚያስቸግር ይናገራል። ብቻ ፋይሉ ላይ 8፡00 የሚል ተጻፈ። ጋሼ ጠሩኝ። "ልጄ፣ 8 ሰዓት እኮ ገና ነው። ምሳ እንኳ አልበላንም።" ስለ ጀርመን ሰዓት፣ ስለ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስለ 6 ሰዓት ልዩነት አስረዳሁ። አዳምጠው ሲያበቁ "እንግዲያው ከሰዓት በኋላ አርመዋለሁ ማለት ነው" አሉ። እስከ ዛሬ በቁም ነገር ይሁን በቀልድ አልለየሁም።

ከዚያ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ራውተሩ ጠፋ፣ የጋሼ ላፕቶፕ ግን በባትሪው በራ። እዚህ ላይ ነው ማስመሰሉ የሚከብደው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ድረ ገጽ ያለ ሐፍረት "አልተገኘም" ይላል፤ ዲስክ ግን ይጠፋል ብሎ ማንም ፕሮግራም አልተዘጋጀም። ስለዚህ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ጋሼ ጽሑፍ የሚያርሙበት ሊብሬኦፊስ ደነዘዘ። የላፕቶፑ ዲስክ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለው ልጠይቅ ዲኤፍ ብዬ ጻፍኩ፤ የዋሁ ትእዛዝ ከሁሉም ዲስኮች ጋር የጀርመኑንም ሊጠይቅ ሄዶ በዚያው ቀረ። ውጭ አገር ያለ ዘመድን ፎቶ ሳሎን ሰቅሎ፣ ምሳ ቀርቦ እሱ ካልተቀመጠ አንቆርስም እንደ ማለት ነው።

መብራት ሲመለስ በእኔ ኮምፒውተር ልከፍተው ብል ጽሑፉ "በሌላ ሰው እየታረመ ነው" ብሎ አልከፈትም አለ። ሌላው ሰው ራሳቸው ጋሼ ነበሩ። ሊብሬኦፊስ ፋይል ሲከፍት እዚያው አጠገቡ ትንሽ የቁልፍ ፋይል ያስቀምጣል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ቁልፉን የሚያነሣ ጠፍቶ ጀርመን ቀርቷል። ኤፍቲፒ ደግሞ ስለ ቁልፍ የሚያውቀው የለም፤ ለእሱ ያው ፋይል ነው።

የሰን ማይክሮሲስተምሱ ፒተር ዶይች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ፕሮግራም ጸሐፊዎች በኔትወርክ ላይ የሚሳሳቱትን ዘርዝሮ ነበር። አንደኛው ስሕተት "ኔትወርክ አይቋረጥም" ብሎ ማመን ነው። እኛ አገር ይህን ስሕተት የሚሳሳት ሰው አይገኝም፤ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ችግሩ የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች እኛ አገር አላደጉም።

እኔን የሚገርመኝ ኤፍቲፒ አይደለም። እሱ ሩቅ መሆኑን አልካደም፤ ፋይሉን ሙሉውን ውሰድ፣ ሙሉውን መልስ ብሎ ከመጀመሪያው ተናግሯል። ከፋይል መሃል ሦስት ፊደል ለማረም የተሠራ ትእዛዝ እንኳ የለውም። ሩቁን ቅርብ አስመስለን ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥነው እኛ ነን።

ስለዚህ የምትሠሩበትን ፋይል ወደ ራሳችሁ ማሽን ገልብጡት፤ እዚያ አርሙት፤ ሲያልቅ መልሱት። ሩቁን ፎልደር እንደ ዲስክ መግጠም (ማውንት ማድረግ) ግድ ከሆነባችሁ ለማየት ብቻ ይሁን፤ ትእዛዙ ላይ "አርኦ" የምትባለዋን አማራጭ ጨምሩ፣ መጻፍ ትከለክላለች። ፓስዎርዳችሁ እንዳይሰማ ደግሞ በኤፍቲፒ ፈንታ ኤስኤስኤችኤፍኤስን ተጠቀሙ፤ እሱም የዚያው የሰረዲ ሥራ ነው፣ የሚናገረውን ሁሉ ይሸፍናል። ጋሼ ግን ይህን ስም ገና አልሰሙም። ብታገኟቸው እባካችሁ አታንሡባቸው።